ባለ ሁለት ፕሮሰሰሩ ማሽን

የታዲዎስ አስከሬን የተገኘው ቡልጋሪያ ሰፈር፣ የሠርግ መቅረጫ ዕቃዎቹን በሚያስቀምጥበት መጋዘን ውስጥ ነው። የተመታው በገዛ ካሜራው ማቆሚያ ነበር። ከጎን ያሉት የጋራዥ ሠራተኞች ጩኸቱን የሰሙት ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ወዲያው ከመጋዘኑ ስትሮጥ ያዩት ሚስቱን ዳናይትን ነው። ምሳ ይዤለት ስመጣ ወድቆ አገኘሁት ብትልም እጇ ላይ ደም ነበረ፤ ማን ይስማት።

ኢንስፔክተር ሰገን በማግስቱ ጠዋት ጣቢያ ስታገኛት፣ ዳናይት ስለ ራሷ አንድም ነገር አልጠየቀችም።

«ልጄን አምጡልኝ። የአራት ወር ነው፤ ጡጦ አያውቅም።»

«ማን ጋ ነው?»

«አማቴ ጋ። ልጄን የገደለች የልጅ ልጄን አታጠባም ብለዋል። ከማልቀስ ብዛት ድምፁ ተዘግቷል አሉኝ።»

የቀሚሷ ደረት በወተት ርሷል። ሰገን ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ግድግዳው ላይ «ጸጥታ ይከበር» ይላል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ዳናይት ፍርድ ቤት ቀርባ ወደ ወህኒ ትወርዳለች።

የታዲዎስ ስቱዲዮ ካዛንቺስ ውስጥ የአንድ ቪላ ሰርቪስ ቤት ነው። በሩ ላይ ጥበቃው ጋሽ ከተማ ቆመዋል።

«ትናንት ኤዲተሩ ሃይላይ ወጥቶ ነበር?»

«እኔ እስካየሁት አልወጣም።»

«እስከ ስንት ሰዓት አዩ?»

«እስከ ምሳ።» ጥቂት አሰቡ። «ከምሳ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጠብቀው።»

«መብራትስ?»

«ትናንት ተአምር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብልጭ ድርግም እንኳ አላለም። ሬዲዮዬ ከተቋረጠ እነቃለሁ።»

ሃይላይ ከታዲዎስ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ ፍሪጅ የሚያህል ኮምፒዩተር ያጓራል።

«ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ነው፤ ሁለት አንጎል እንደማለት» አላት። «በቃ፣ ስም ነው። ማለቴ፣ ፕሮግራማችን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ ሌላው እንደ ሚዜ ተጎልቶ ይውላል። አያዋጣም ብዬው ነበር። ነፍሱን ይማረውና እልኸኛ ነበር።»

«ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ሙሽሮቹ ማታ በአውሮፕላን ይሄዳሉ ተባለ። የሠርጉን ፊልም ስድስት ሰዓት ላይ ጫንኩት፤ ማሽኑ አቀናብሮ እስኪያወጣው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እሱ ሲያልቅ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የመልሱን ፊልም ጫንኩ፤ እሱ ትንሽ ያጥራል። ዐሥር ሰዓት ላይ ሁለቱንም ለሙሽራዋ ወንድም በእጄ አስረከብኩ። ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ያልነበረ ሰው ይህን አያደርስም።»

«ሁልጊዜ ሠርጉ ነው የሚቀድመው?»

ሃይላይ ሊስቅ ምንም አልቀረው። «እህቴ፣ ከሠርጉ በፊት መልስ ተጠርተሽ ታውቂያለሽ?»

ሰገን የፊልሞቹን መዝገብ አስከፈተችና እያንዳንዱ ፊልም አለቀ የሚልበትን ሰዓት ጻፈች።

«እሱን አትመኚው። ማሽኑ ያገለገለ ነው፤ ባትሪው ሞቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል።»

«አላምነውም» አለች፤ ግን ጽፋ ጨረሰች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዳናይት በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀመጠች። የታዲዎስ እናት እትዬ ቀለመወርቅ ሕፃኑን ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው።

«የማሽኑ ሰዓት ውሸታም ነው» አለች ሰገን። «ቢሆንም መብራት ካልጠፋ ወደ ኋላ አይቆጥርም። ትናንት ደግሞ እንዳልጠፋ ጋሽ ከተማ ነግረውኛል። እንግዲህ ስንት ሰዓት እንደሆነ አይነግረንም፤ የቱ እንደቀደመ ግን ይነግረናል። መልሱ ካለቀ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ነው ሠርጉ ያለቀው። ሃይላይ፣ መልሱን የጫንከው ሠርጉ ካለቀ በኋላ ከሆነ ይህ እንዴት ሆነ?»

ሃይላይ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

«ለአንድ ፊልም ሁለተኛው ፕሮሰሰር ሥራ ፈት ነው፤ እሱን አልዋሸህም። ሁለት ፊልም በአንድ ጊዜ ሲጫን ግን አንድ አንድ ይከፋፈላሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ሁለቱንም ጭነህ ወጣህ። አጭሩ ቀድሞ አለቀ። ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ክፍል ማንም መኖር አላስፈለገም።» ወደ ስክሪኑ አመለከተች። «ከደምበል ኮምፒዩተር ቤቶች ያስመጣሁት ባለሙያ ቅድም ሁለቱንም አብሮ ጭኗቸዋል። እዩት።»

መልሱ አልቋል። ሠርጉ ገና ይቀረዋል።

ሃይላይ ወንበሩን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ታዲዎስ ራሱ ነው እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ። ‹ይሄ ማሽን ሁለት ሰው ነው፤ ከወሩ መጨረሻ በኋላ አታስፈልገኝም› አለኝ። አያዋጣም እያልኩ የለመንኩት ስለ ማሽን መስሏችሁ ነው? መጋዘን ድረስ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ማቆሚያውን እያጣጠፈ ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።» እጁን አየ። «በጓሮ ስወጣ ዳናይት በፊት ለፊት ገብታ ስትጠራው ሰማሁ።»

«ሰምተህ ዝም አልክ» አሉ እትዬ ቀለመወርቅ።

ተነሥተው ሕፃኑን ዳናይት ጭን ላይ አኖሩት፤ ነጠላቸውንም ከራሳቸው አውርደው ከለሏት። ልቅሶው ሲቆም የማሽኑ ጉርምርምታ ብቻ ቀረ።

ፖሊሱ ለሃይላይ ካቴና አጠለቀለት። ጋሽ ከተማ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ተጠጉ። «ይሄን ነገር ላጥፋው?»

«ተው፣ ጋሽ ከተማ! ሠርጉ ሳያልቅ አይጠፋም፤ ይበላሻል» አለ ሃይላይ፣ አንድ እጁን ወደ ኪቦርዱ ዘርግቶ። ካቴናው ያዘው።