አስተያየት የማይጻፍበት ቪዲዮ

የአለምወርቅ፣ ስደተኛ በሚበዛበት ትሮይቪል ሰፈር በተከራየቻት ክፍል፣ የሕፃናት ተረት በምትቀርጽበት መብራት ሥር ሞታ ተገኘች። አጠገቧ ደም የነካው የካሜራ ማቆሚያ ወድቋል። የወረርሽኙ ሎክዳውን ትምህርት ቤት ካዘጋ ወዲህ የስንቱ ሐበሻ ልጅ የሚውለው በእሷ ተረት ነበር። እጁ ይቆረጥና፣ እንዲህ ያለችን ሴት ማን ይገድላል?

ጣት ሁሉ ኤርጎጌ በምትባል እናት ላይ ተቀሰረ። የስድስት ዓመት ልጇ ሶልያና ከነዩኒፎርሟ የአለምወርቅ ቪዲዮ ላይ ወጥታ፣ የማይታወቁ ሰዎች ከሥሩ «ትምህርት ቤቷ የት ነው?» እያሉ ሲጽፉ እናትየው ልታብድ ደረሰች። በግድያው ዋዜማ የአለምወርቅ ግቢ ድረስ መጥታ «ልጄን ከቪዲዮው ላይ ካላወጣሽ ጉድ ይፈላል» ስትል ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። የመጣው ፖሊስ ኤርጎጌን ነገ ጠዋት እወስዳታለሁ ብሎ ሄደ። የመኖሪያ ፐርሚቷ ጊዜው አልፎበታል፤ የሚያድሰው ቢሮ በወረርሽኙ ተዘግቷል። ኤርጎጌ አንዴ ከታሰረች ሶልያና ማን እጅ ላይ ትወድቃለች?

ኤርጎጌ ፍሬገነት ደጅ ሮጠች። ፍሬገነት አዲስ አበባ የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ እዚህ ብርድ ልብስ ትሸጣለች፣ ዓይኗ ግን የድሮው ነው። ወዲያው መጥታ ክፍሉን አየች። በሩ አልተሰበረም። ጠረጴዛው ላይ ስለ ልጆች ቪዲዮ የወጣው አዲስ ደንብ ታትሞ ተቀምጧል። «ለልጆች ነው» ተብሎ የተመዘገበ ቪዲዮ አስተያየት አይጻፍበትም፣ የማስታወቂያ ገቢውም ይቀንሳል የሚለው ቦታ በቀይ ተሰምሮበታል። ፍሬገነት ሁለቴ አነበበችው።

መጀመሪያ የሟችን እህት ፀገነትን ጠየቀች። ፀገነት ዲፕስሉት ሰፈር ሱቅ አላት፤ አስከሬኑን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ያገኘችው እሷ ናት። ያን ዕለት ጠዋት አዲሱ ቪዲዮ ሥር ሰላምታ ጽፋ፣ አራት ተኩል ላይ ብታይ የጻፈችው ጠፍቷል። ብትደውል እህቷ ሳቀች፤ ቻናሉን በሙሉ የልጆች ነው ብዬ መዝግቤዋለሁ፣ የሶልያናንም ቪዲዮ አጥፍቻለሁ አለቻት። ፀገነት ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ጎረቤት ደግሞ የአለምወርቅን ስድስት ሰዓት ላይ ልብስ ስታሰጣ አይቷታል።

ቀጥሎ የቻናሉ ቀራጭ ራጉኤል ተጠየቀ። ቮስሎሩስ ሰፈር ያለውን ሱቁን ዘግቶ ኑሮውን በዚህ ቻናል ላይ የጣለ ሰው ነው።

«ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤቴ። አዲሱ ቪዲዮ ሥር ለሚጽፉት እናቶች መልስ ስሰጥ ነበር።»

ፍሬገነት አመስግና አሰናበተችው።

በማግስቱ ሁሉም ግቢው ውስጥ ማስክ አድርገው፣ ተራርቀው ቆሙ። ፖሊሱም መጣ፤ ሶልያና የእናቷን ቀሚስ ጭምድድ አድርጋ ይዛለች። ፍሬገነት ለፖሊሱም በእንግሊዝኛ እየተረጎመች ተናገረች። ኤርጎጌ የፈለገችው ልጇ እንድትወጣ ነበር፤ የአለምወርቅ ደግሞ ደንቡን አንብባ የሶልያናን ቪዲዮ በዚያው ጠዋት አጥፍታዋለች። ኤርጎጌ ይህን አላወቀችም ነበር። በሩን ሳይሰብር የገባውስ? የአለምወርቅ ራሷ የምትከፍትለት ሰው ነው።

ወደ ራጉኤል ዞረች።

«የአስተያየቱ ቦታ ከአራት ተኩል በፊት ተዘግቷል። አንተ ከስድስት ሰዓት በኋላ የመለስከው ለየትኛዋ እናት ነው?»

ራጉኤል ስልኩን አውጥቶ ከፈተው። ከገደላት ወዲህ ቻናሉን ለማየት አልደፈረም ነበር። አየና ስልኩን አጠፋው።

«እንዳትዘጊው ብዬ ለመንኳት» አለ። «ጀርባዋን ሰጠችኝ።»

«ተዘግቶ ነበር ራጉኤል። አንተ ስትደርስ ሁሉም አልቆ ነበር።»

ፖሊሱ ካቴናውን ያወጣው ለእሱ ሆነ። ፀገነት ፊቷን ይዛ አለቀሰች። ኤርጎጌ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ የአለምወርቅን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገረቻት በጩኸት መሆኑ አንገበገባት።

ሶልያና የእናቷን ስልክ ወስዳ የመጨረሻውን ተረት ከፈተች።

«እማ፣ ቻው ብዬ ልጻፍላት?»

ኤርጎጌ ገጹን በጣቷ እየገፋች ፈለገች፤ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

«እዚህ አይጻፍም የኔ እናት» አለች። «ለናንተ ብላ ነው የዘጋችው።»

ሶልያና ትንሽ አሰበችና ማስኳን ዝቅ አድርጋ፣ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ «ቻው» አለች።