ከስቱኮው ሥር

አሮጊቷ ከተሰበረው መስኮት ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። ጭንቅላታቸው በከባድ ነገር ተመቷል፤ የወርቃቸው ሳጥን የለም። መርማሪዋ ገና ከመግባቷ የአሻራ ባለሙያው ፈገግ ብሎ ተቀበላት።

«አለቃ፣ አትልፊ፣ አልቋል። ፍሬሙ ላይ በቀረው የመስታወት ስባሪ አሻራ አገኘሁ። ያ በስርቆት ሦስት ዓመት የታሰረው መስታወት ገጣሚ ነው። ሊያመጡት ሄደዋል።»

ገጣሚውን ታውቀዋለች። ያን ጊዜም በዚሁ ባለሙያ የአሻራ ውጤት የያዘችው እሷ ነበረች። «መስኮቱን የገጠምኩት እኮ እኔ ነኝ» እያለ ሲለምናት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ፈርማበታለች። አንዴ ሌባ የተባለ ሰው ለሰነፍ ፖሊስ የቀረበ ምሳ ነው።

ጎንበስ ብላ አየች። በአሮጊቷ ሹራብ ላይ ስባሪ ተነስንሷል። አስከሬኑ ሲነሳ ግን ከሥሩ ወለሉ ንጹሕ ነበር።

አብሯቸው የሚኖረው የእህታቸው ልጅ እንባውን እየጠረገ ተናገረ።

«ፎቅ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ መስታወት ተሰበረ፣ ቀጥሎ አክስቴ ጮኸች። ስወርድ ወድቃለች። መስኮቱን አምና የገጠመው ያ ሌባ ነው፤ ቤቱን ያውቀዋል።»

ተከራዩ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን የሚያቆመው ግቢው በር ላይ ነው።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ስሰፋ ነበር። በዚህ በር ካልሆነ መግቢያ የለም፤ የገባም የወጣም አላየሁም። ብቻ አሮጊቷ ‹ዕቃህን ሰብስበህ ውጣልኝ› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ማንን?»

«ማንን ይሆናል? የእህታቸውን ልጅ ነዋ።»

ገጣሚው በካቴና ሲመጣ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። መጀመሪያ የዞረችው ወደ ባለሙያው ነበር።

«አሻራው የቱ ጋ ነበር?»

«ጠርዙ ላይ።»

«ጠርዙ መስታወቱን ከፍሬሙ በሚያጣብቀው ስቱኮ አልተሸፈነም?»

«ተሸፍኖ ነበር፤ እኔ ፋቅሁት። ከሥሩ ጥርት ያለ አሻራ ወጣ።»

ደሟ ፈላ።

«ስቱኮው ከደረቀ ዓመት ሆኖታል። ዛሬ የገባ ሌባ ጣቱን ከሥሩ በምን አሾለከው? መፋቅህን ሪፖርቱ ላይ ጽፈሃል?»

«የተጠየቅሁት የማን እንደሆነ ብቻ ነው።»

«ሰው የሚታሰረው በዚህ ‹ብቻ› ነው!»

ከዚያ ወደ አሮጊቷ የእህት ልጅ ዞረች።

«መስታወቱ ቀድሞ ቢሰበር ኖሮ አክስትህ በስባሪው ላይ በወደቁ ነበር። ከሥራቸው ግን አንድም የለም፤ ያለው ከላያቸው ነው። መጀመሪያ ገደልካቸው፤ ከዚያ ሌባ ለማስመሰል በግቢው ውስጥ በጓሮ ዞረህ መስኮቱን ከውጭ ሰበርክ። ሳጥኑንም ክፍልህን ፈትሸን አሁን ከፍራሽህ ውስጥ አውጥተነዋል።»

አመዱ ቡን አለ። ካቴናው ከገጣሚው እጅ ወልቆ እሱ እጅ ላይ ገባ።

«እንግዲህ ነጻ ነህ፣ ወንድሜ» አለ ባለሙያው።

ገጣሚው ዞሮም አላየው። አንጓውን እያሻሸ መርማሪዋን ጠየቃት።

«ሦስት ዓመት የታሰርኩበትን የዚያኛውን መስኮት ስቱኮስ ማን ፋቀው?»

ባለሙያው አቀረቀረ። መርማሪዋ ገጣሚውን ልታረጋጋው አልሞከረችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችውም። በሩ ላይ ወደቆመው ፖሊስ ዞረች።

«የሱን የድሮ መዝገብ አስወጣልኝ። ከሥሩ ያለው ፊርማ የኔ ነው።»