ሥርጉት የማለችባት ቃል

ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ወርዳችሁ ወንዙ ጋ ሳትደርሱ፣ ደጁ በሸክላ ስብርባሪ የተሞላ አንድ ቤት ነበር። የሥርጉት ቤት። ሥርጉት ሸክላ ሠሪ ናት፣ ባሏ ዘሩ ደግሞ ብረት ቀጥቃጭ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ በእሷ ድስት ወጥ ሠርታለች፣ የገጠሩ ገበሬ ሁሉ በእሱ ማረሻ አርሷል፣ እነሱን ግን «ቡዳ» ነው የሚሏቸው! ልጅ ያዘለች ሴት በደጃቸው ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች። አይገርምም? ድስት ስትሸጥልሽ የማይበላ ዓይን ልጅሽን ስታይ ይበላል? ኧረ ተዉኝ፣ ገና ሳልጀምር ተናደድኩ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሥርጉት እናት እታለም የታወቀች ቤተ እስራኤል ነበረች። ሥርጉት ግን ዘሩን ስታገባ፣ የእሱ ቤተሰቦች ቀድመው ተጠምቀው ስለነበር፣ እሷም ተጠመቀች፣ ማተብ አሰረች። ለምን? ሲሞቱ የሚቀብራቸው ሰው እንዲያገኙ! በቃ፣ ለእሱ ነው። ልቧ ግን የተጠመቀ አይመስለኝም። ዓርብ ጀምበር ስትጠልቅ እሳቷን ታጠፋለች፣ ቅዳሜ ሞታ ብትገኝ ገበያ አትወጣም። በ83 ግንቦት ቤተ እስራኤሎችን ወደ እስራኤል የሚወስዱት አውሮፕላኖች ሲመጡ እታለም አዲስ አበባ ነበረች፣ ሥርጉት ደግሞ ያኔ በሚኖሩበት ቡሬ አጠገብ ገጠር ውስጥ ምጥ ትጠብቃለች። «እኔ ልቅደም፣ ከአራስ ቤት ስትወጪ ትመጫለሽ» ብላ ላከችባት። ከአራስ ቤት! ያኔ የተወለደችው ያምሮት ዘጠነኛ ክፍል ገብታ፣ ሥርጉት አሁንም እናቷን አላየችም።

እታለም በየወሩ ጎረቤታቸው አስካለ ማርያም ቤት ትደውላለች። በሰፈሩ ስልክ ያለው እዛ ብቻ ነዋ።

«መቼ ነው የምትመጪ?»

«ልመጣ ነው እማ።»

«ዓይኔ ሳይጠፋ ነይ።»

ወሬያቸው ይኸው ነው። ሥርጉት ስልኩን ዘግታ ጭቃዋን ስትረግጥ እንባዋ ጭቃው ውስጥ ይገባል... በዚያ ድስት ነው እንግዲህ አገሩ ወጥ የሚሠራው!

በ98 ስማቸው ወደ እስራኤል ለመሄድ ጎንደር ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ዘሩ ራሱ በቀጠቀጠው ቢላ የሦስቱንም ማተብ በጠሰ። በነጋታው አስካለ ማርያም ቦኖ ውሃ ጋ የሥርጉትን አንገት አየች።

«አንቺ፣ ማተብሽ የት ሄደ?»

«ስታጠብ ተበጠሰ።»

«የሦስታችሁም? ባንድ ቀን?»

ሳይመሽ እድሩ በሙሉ ሰማ። ከዚያ ወዲያ የአስካለ ማርያም ስልክ ቢጮህም የሚጠራቸው አልነበረም።

ጎንደር ስድስት ወር ከረሙ። ያምሮት ትምህርቷን አቆመች። ዘሩ የከሰል ጭስ ያበላሸው ደረቱ ብሶበት ያስላል፣ ደም ይተፋል። ሥርጉት የበዓላቱን ስም፣ የአያት ቅድመ አያቶቿን ስም ስታጠና ትውላለች። ለመጨረሻ ፈተና እንኳ እንደዛ ያጠና ተማሪ አላየሁም! ቀኑ ደረሰ። ጠያቂው ከእስራኤል የመጣ ሰውዬ ነው፣ አጠገቡ አስተርጓሚ አለ። አንድ ሳትስት መለሰች። መጨረሻ ላይ፣ «እሺ፣ አሁን ክርስቲያን ነሽ?» አላት።

ሥርጉት ደነገጠች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና ከአንጀቷ፣ «ማርያምን! አይደለሁም!» አለች።

አስተርጓሚው ሳቁ አመለጠው፣ መሐላዋንም ተረጎመለት። ሰውዬው ጻፈ። በቃ፣ አለቀ!

ኧረ ፍረዱ! ጎጃም ተወልዶ ማርያምን ብሎ የማይምል ማን ነው? ከአፍ የወጣች አንዲት መሐላ እምነት ናት? እናትየው አይሁድ ከሆነች ልጅየዋም አይሁድ ናት የሚሉት ራሳቸው አይደሉ እንዴ! አገር ነው፣ የሚገባውን ማጣራት አለበት፣ እሺ፣ ገብቶኛል። ግን አገር አጥተው በሰው ደጅ ስንት ዘመን የተንከራተቱ ሰዎች፣ አገር ሲያገኙ በር ላይ ቆመው «አንቺ ግቢ፣ አንቺ ቅሪ» ሲሉ ትንሽ አይጨንቃቸውም? እናትና ልጅን በምን ወንፊት ነው የሚነፉት?

ፍኖተ ሰላም ተመለሱ። ዘሩ ወር አልቆየም። ሥርጉት ቄስ ሀብተሚካኤል እግር ላይ ወደቀች።

«አባቴ፣ እባክዎን አፈር አይከልክሉት!»

«ማተቡን በገዛ እጁ በጥሶ ምን ብዬ ልፍታው ልጄ?»

እድሩም ድንኳን ነፈጋቸው። ጎንደር ላይ ክርስቲያን ናችሁ ተባሉ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ አይሁድ ናችሁ ተባሉ! ሥርጉትና ያምሮት ሬሳውን በጋሪ ጭነው፣ ሸክላ አፈር ከምትቆፍርበት ጉድጓድ አጠገብ በዶማቸው ቀበሩት። ለመቀበር ብሎ የተጠመቀ ሰው!

ሥርጉት አፏ ተዘጋ። ያምሮት ቴሌ ሄዳ ለአያቷ ደወለች፣ ሁሉንም በንዴት ዘረገፈችው። የእናቷ መሐላ ላይ ስትደርስ ከዛ ማዶ የተቆራረጠ ድምፅ መጣ።

«እማማ፣ ይሰማዎታል?»

እታለም እየሳቀች ነበር። ከዚያ ሳቁ ልቅሶ ሆነ።

«እኔም እኮ ልጄ... እዚህ እንደመጣን ‹አይሁድነትሽ ያጠራጥራል› ብለው ውሃ ውስጥ ተነከሪ አሉኝ። እኔ! ለሰንበት ስል ስንት ዘመን የተሰደብሁት! ውሃው በረዶ ሆነብኝና ‹ማርያም ድረሽ!› ብዬ ጮህሁ።»

«ምን አሉዎት ታዲያ?»

«ምን ይላሉ? አስተርጓሚ አልነበረማ!»

አያችሁ? አስተርጓሚ ስላልነበረ እናት ገባች፣ አስተርጓሚ ስለነበረ ልጅ ቀረች! ይሄን ዕድል ነው የምትሉት?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥርጉት ደጇ ላይ ጀበና ስታለሰልስ አስካለ ማርያም ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ከስንት ወር በኋላ እግሯ እዛ ደጅ ሲረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። አፏን ሳትከፍት ሥርጉት ነጠላውን አየች። ስልክ ተደውሏል። ጀበናው ከእጇ ወደቀ።

«የማርያም ያለህ! እማዬ!»

ወዲያው ጭቃ በነካው እጇ አፏን ግጥም አርጋ ያዘች። ዓይኗ ግራ ቀኝ ይላል፣ የሰማት ሰው እንዳለ...

አስካለ ማርያም አለቀሰች። «ኧረ አልቅሺ ሥርጉትዬ! ጥሪያት እንጂ፣ ማን ይከለክልሻል?»

«እርስዎ ነዎታ!» ብላ ያምሮት ጮኸች። «እርስዎ፣ ቄሱ፣ ጎንደር ያለው ሰውዬ! በምን ታልቅስ? አንድ ቃል ንገሯት! የትኛዋን ቃል ተዋችሁላት?»

አስካለ ማርያም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሥርጉት እጇን ከአፏ አላነሳችም። እናቷን ያለ ድምፅ አለቀሰች፣ ጭቃው ፊቷ ላይ እስኪደርቅ...

ዕድል ነው ይላሉ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው ይላሉ። እኔ አልልም! ፈጣሪ ያኔ በማርያምም በሰንበትም ብትጠራው ይሰማት ነበር። አፏን ያስያዟት ሰዎች ናቸው።