ውሃ የሚወድ ቱቦ

«ጠጪ እንጂ፤ ከንፈርሽ እኮ ተሰነጣጥቋል!» ጓደኛዋ የውሃ ኮዳውን አፍንጫዋ ሥር ደቀነችው።

«አልጠማኝም» አለች ልጅቷ፤ ምላሷ ግን ከላንቃዋ ተጣብቋል።

የመኪና አደጋ አከርካሪዋን ጎድቶት በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ትምህርት ቤት ከተመለሰች ወዲህ፣ ጠዋት ከቤት ወጥታ እስክትመለስ ድረስ ውሃ በአፏ አይዞርም። የሽንት ፊኛዋ እንደ ድሮው «ሞላሁ» ብሎ አይነግራትም፤ ሰዓት ጠብቃ በቀጭን ቱቦ ማስወጣት አለባት። ውሃ ከጠጣች ደግሞ ክፍሉ ሁሉ እያያት በትምህርት መሀል መውጣት ሊኖርባት ነው። ስለዚህ ጥሙን መረጠች። በዚሁ ምርጫዋ የተነሳ ሽንቷ ኢንፌክሽን ይዞ ሁለት ጊዜ ትኩሳት አልጋ ላይ ጥሏታል። የቱቦውን አጠቃቀም ያስተማረቻት ነርስ በሁለተኛው ተቆጥታ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? ሽንትሽ ሻይ ከመሰለ እንጣላለን!» ብላታለች።

ጓደኛዋን ተማሪው ሁሉ «ለምኒት» ይላታል። አስተማሪ «ደህና ዋሉ» ብሎ ቢሰናበት እንኳ «ለምን?» ሳትል አትለቀውም ተብላ ትታማለች። አሁንም ኮዳውን ተሽከርካሪ ወንበሩ ኪስ ውስጥ ልትሸጉጥ ስትል አንድ ረጅም ሰማያዊ እሽግ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ዓይኗን በጨው አጥባ «ስትሮ ነው» አለች።

«ስትሮ እያለሽ ነው ውሃ እምቢ ያልሽው? በይ ክፈቺው፣ እኔ ልጠጣበት!»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ለምኒት በዚያ ቱቦ ውሃ ስትመጥ እየታያት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ውሸቷ አስጠላት። ክፍሉ ባዶ መሆኑን አይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እውነቱን ነገረቻት። ፊቷ ነደደ፤ ከእንግዲህ ትጸየፈኛለች ብላ ፈራች።

ለምኒት ግን አንገቷን ሰገግ አድርጋ «ያማል?» አለች።

«እኔ ብዙም አይሰማኝም። ግን ደረቅ ቱቦ ውስጥን እየፋቀ ያቆስላል። ይሄኛው ውሃ ወዳድ ነው።»

«ምን ወዳድ?»

«ነርሷ ናት እንዲህ ያለችው። ትርፍ ይዣለሁ፣ ላሳይሽ።»

እሽጉ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የውሃ ከረጢት ተጭና አፈነዳቻት። ውሃው ቱቦውን አዳረሰው። ጥቂት ጠብቀው ቀደዱት። ለምኒት በሁለት ጣቷ ያዝኩት ስትል ሹልክ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«እንዴ! ዓሣ ነው እንዴ? ምን ተቀብቶ ነው?»

«ቅባት አይደለም። ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ውሃውን ጠጥቶ ይይዘዋል።»

«ከደረቀስ?»

«ይጣበቃል።»

«ደግመሽ ብታረጥቢውስ?»

«እሱን እንጃ።»

ልጅቷ ራሷም ማወቅ ፈለገች። የተነካውን ቱቦ ከእንግዲህ አትጠቀምበትምና መስኮቱ ጋ ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ያዩት ጀመር። እስከ ዛሬ ስትደብቀው ኖረች እንጂ እንዲህ መርምራው አታውቅም። ደስ አላት።

ለምኒት ቀና አለችና የልጅቷን የተሰነጣጠቀ ከንፈር አየች። «ቆይ፣ ቱቦሽ ውሃ ይወዳል፣ አንቺ ትሸሺዋለሽ። ላለመውጣት ብለሽ ነው አይደል?»

ልጅቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ለምን?» አለች ለምኒት። የዛሬው «ለምን» ግን ለጨዋታ አልነበረም።

ቱቦው ገና ሳይደርቅ ደወሉ ተደወለ፤ ተማሪዎች እየተጋፉ ገቡ። ልጅቷ ኮዳውን ከኪሱ አውጥታ አፏ ላይ ደገነችው። ጠጣች፣ ጠጣች።

«ኧረ ለእኔም አስተርፊልኝ!» አለች ለምኒት።

በኬሚስትሪው ክፍለ ጊዜ መሀል ሰዓቷን አየች። አስተማሪው ጥያቄ ጠይቆ ክፍሉን ሲቃኝ እጇን አወጣች።

«እሺ፣ መልሱ?»

«መልሱን አላውቀውም ቲቸር። መውጣት ፈልጌ ነው።»

ፊት የተቀመጡት ዞረው አዩዋት። ሁለተኛውን ሰማያዊ እሽግ አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ወንበሯን ወደ በሩ ገፋች።