የግራ ጉልበት

የፊልም ሽልማቱ ዳኞች ሰብሳቢ የነበረው ተረፈ ቡታጅራ ውስጥ ካረፈበት ሆቴል ጓሮ፣ እንሰቶቹ መሀል፣ ሞቶ የኮባ ቅጠል ለብሶ ተጋድሟል። ከራሱ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰሞኑን ለሽልማት የታጩት ፊልሞች ሲታዩበት የሰነበተው አዳራሽ በረንዳ አለ። ከዚያ ወድቆ ይሁን ተገፍቶ እንድትለይ ኢንስፔክተር ፈቲሀ ተጠራች።

ጥሪው ሲደርሳት ስልኳ እጇ ላይ ነበር። አብሯት የሠለጠነው ሙባሪክ ወልቂጤ ላይ ኮማንደር ሆኖ ተሹሟል። «እንኳን ደስ ያለህ» ብላ ጽፋ አጥፍታዋለች፤ ደግማ ጽፋ ደግማ አጥፍታዋለች። ጥሩ ሰው ነው፣ ሹመቱም ይገባዋል፤ የሚያበሳጨውም ይኸው ነበር። የዚያን ቀን ቅናት ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግራት አያስፈልግም ነበር።

ሰዉን ሁሉ ወደ አስፋልቱ አስወጥታ ከሆቴሉ ሽማግሌ ዘበኛ ጋር ጓሮው ውስጥ ቀረች።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ሸምሶ። ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«ወአለይኩም ሰላም ልጄ። የከሰዓቱን የአስር ሶላት እየሰገድኩ ነበር፣ ‹ዱብ› የሚል ሰማሁ። አሰላምቼ ሶላቴን ጨርሼ ስሮጥ ያቺ ፊልም ሠሪዋ ልጅ አጠገቡ ቆማለች። ነፍሱ ወጥታለች። ሰው እንዲህ ተጋልጦ አይታይም ብዬ ኮባ ቆርጬ አለበስኩት። ሌላው ሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

«የገለጠው ሰውስ አለ?»

«እኔ እዚህ ቆሜ? ማንም አልነካውም።»

ፈቲሀ ቅጠሉን ራሷ ገለጠች። ተረፈ በደረቱ ወድቋል፤ ቀኝ እጁ ወደ ፊት ተዘርግቷል፣ ግራ ጉልበቱ ሆዱ ሥር ታጥፏል። ፎቶ አንስታ መልሳ ሸፈነችው፤ አምቡላንስ መጥቶም እንደተሸፈነ ወሰደው።

በረንዳው ላይ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ መሀላቸው ሁለት ብርጭቆ ሻይ፣ ሁለቱም እስከ ግማሽ ተጠጥተዋል። የመከላከያው ብረት ከወገብ አይበልጥም።

አብሯት የመጣው ሳጅን ናጃህ ነገሩን በልቡ ጨርሶታል። «ልጅቷ ናት። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ‹ፊልሜን በቅናት ልትጥለው ነው› ብላ ስትጮህበት ስንት ሰው ሰምቷል። ገፍታው በኋላ በኩል ባለው ደረጃ ወርዳለች። ሌላ ምን ይፈለጋል?»

ልጅቷ ሰልሚያ ትባላለች። ዘንድሮ ከታጩት ረጃጅም የአኒሜሽን ፊልሞች አንዱ የእሷ ነው። አገና ከተማ በተከራየችው አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ስንት ክረምት ብቻዋን በእጇ ሥላ፣ ጡረታ መውጣት ስለፈለገች አንዲት ሚኒባስ የሠራችው ነው። ውጤቱ ነገ ይነገራል። በወንጀል የተጠረጠረ ተወዳዳሪ ደግሞ ከውድድሩ ይሰረዛል። ፈቲሀ እስከ ነገ እውነቱን ካላወጣች ልጅቷም ፊልሟም አብረው መጥፋታቸው ነው።

«ተረፈ ምን ብሎሽ ነው የጮህሽበት?» አለቻት።

«ስለ ፊልሜ ልጠይቀው ስጠጋ ‹ዓይንሽን እንዳላየው፣ ወደ አገናሽ ሂጂ› አለኝ። ያውም ሰው ፊት።» ሰልሚያ ጣቶቿን ትፈትላለች። «ማታዬን ሁሉ የሰጠሁትን ሥራ ከአፈር የቀላቀለው መሰለኝ። በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ በጓሮ በኩል ስገባ ነው ከላይ የወደቀው። አልገፋሁትም።»

ፈቲሀ እርሳስና ወረቀት ሰጠቻት። «እንዴት ወድቆ እንዳየሽው ሣዪልኝ።»

ልጅቷ እያለቀሰች ሣለች። ሥዕሉ ፈቲሀ ስልክ ላይ ካለው ፎቶ ጋር ቁርጥ አንድ ነበር። ፈቲሀ ተገረመች፤ የሰው እጅ እንዲህ ሲታዘዝ ማየትም ትንሽ አስቀናት። ጥቂት አሰበችና ሁለተኛ ወረቀት ሰጥታት በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት።

ከቀሩት ሁለት ዳኞች አንዷ ወልቂጤ ሥዕል የምታስተምረው ትዕግስት ናት።

«ክፍሌ ሆኜ ከባለቤቴ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር። መስኮቴ ወደ አስፋልቱ ነው። ጩኸት ሰምቼ ስወርድ ቅጠል ለብሷል» አለች።

«ለባለቤትዎ ብደውልላቸውስ?»

«ይደውሉላቸው። እሳቸው ናቸው ‹የምን ጩኸት ነው?› ያሉኝ።»

«ተረፈ የልጅቷን ፊልም ጠልቶት ነበር?»

ትዕግስት ቀና አለች። «ጠልቶ? ሚኒባሷ መናኸሪያው ውስጥ ብቻዋን ስትቀር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ሄኖክ ዞር ብሎ አየውና ፊልሙ ሳያልቅ ተነስቶ ወጣ።»

ሄኖክ ሁለተኛው ዳኛ ነው። ከተረፈ ጋር በወጣትነታቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲሥሉ ኖረዋል። ተረፈ ዝነኛ ሲሆን፣ ሄኖክ የጀመረውን ረጅም ፊልም ሳይጨርስ ጸጉሩ ሸበተ። ስለ ሟቹ ሲጠየቅ ረጋ ብሎ መለሰ፤ ክፍሉ ውስጥ ጋደም ብሎ ነበር፣ የሰማው ያየው ነገር የለም።

«የሰልሚያን ፊልም እንዴት አዩት?»

ፊቱ ወዲያው ጠቆረ። «ክብደት አታውቅም። ሚኒባሷ ስትቆም ጎማዋ መሬት አይረግጥም። ዛሬ ደግሞ ጀማሪ ሁሉ ይጨበጨብለታል።»

«አስከሬኑንስ አይተውታል?»

«የተሸፈነ ነገር አየሁ። ለመግለጥ ልቤ አልቻለም።»

ፈቲሀ አመስግናው ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። ትዕግስትና ሄኖክ ፊት ተቀመጡ፤ ሰልሚያ ከሳጅን ናጃህ አጠገብ አንገቷን ደፍታለች፤ ጋሽ ሸምሶ በሩ ጋ ቆሟል።

«ይህን ሰልሚያ ናት የሣለችው» አለች ፈቲሀ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ። «ተረፈ እንደወደቀ ያየችውን ነው። እኔ ሥዕል አላውቅም፤ ግን እዚህ ካለነው ሁሉ ይህቺ ልጅ የምትበልጥ ይመስለኛል።»

«እውነት ነው፣ መስመሯ ሕይወት አለው» አለች ትዕግስት።

ሄኖክ ዝም ለማለት ሞከረ። ከንፈሩን ነከሰ፣ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። በመጨረሻ ሥዕሉን ወደራሱ ሳበው።

«ምኑ ነው ሕይወት ያለው? ግራ እግሩን እንደ እንጨት ዘርግታዋለች። ጉልበቱ ሆዱ ሥር ነው የታጠፈው፣ ክብደቱ በሙሉ እዚህ ነው ያረፈው።» ከደረት ኪሱ እርሳስ አውጥቶ በሁለት መስመር አስተካከለው። «ዓይኗ ያየውን እንኳ መሣል አትችልም፤ እናንተ ታጨበጭባላችሁ።»

ፈቲሀ ስልኳን ከሥዕሉ አጠገብ አስቀመጠች። ጉልበቱ አሁን ከፎቶው ጋር ገጥሟል።

«ልክ ነዎት» አለች። «አሁን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በረንዳው ላይ ሁለት ሻይ ነበር። ተረፈ ጠዋት ሰው ፊት ያባረራትን ልጅ ቁጭ አድርጎ ሻይ አይጋብዝም፤ ስለዚህ የተቀመጠው ከሥራ ባልደረባው ጋር ነው። ወይዘሮ ትዕግስት ስልክ ላይ ነበሩ፤ ባለቤታቸውን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አቶ ሄኖክ ክፍሌ ነበርኩ ብለውኛል። ጋሽ ሸምሶ፣ ቅጠሉን ሲያለብሱ ማን ነበር?»

«እኔና ልጅቷ ብቻ።»

«ከፖሊስ በቀር ያንን ጉልበት ያዩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሌላ ያየ ካለ፣ ቅጠሉ ሳይለብስ ከላይ፣ ከበረንዳው ሆኖ ያየ ነው።»

«ገምቼ ነው» አለ ሄኖክ። «የሙያው ሰው ነኝ።»

«የትኛው ጉልበቱ እንደታጠፈስ ይገመታል?» ፈቲሀ የመጀመሪያውን ሥዕል አወጣች። ግራ ጉልበቱ በትክክል ታጥፏል። «ሰልሚያ ያየችውን ሥላለች። ሁለተኛውን ሥዕል እግሩን ዘርግተሽ አበላሺው ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ስትመሰገን ዝም ቢሉ ኖሮ በእጄ ምንም አልነበረኝም።»

ሄኖክ እርሳሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«‹የልጅቷን ነው የምመርጠው› አለኝ። ‹ጠዋት የተቆጣኋትም ዳኛ አነጋግራ አሸነፈች እንዳይሏት ብዬ ነው። እኔና አንተ ዕድሜያችንን ሙሉ ያልቻልነውን ሠርታዋለች፣ ሄኖኬ› አለኝ። እየሳቀ! እኔ ውስጤ ሲቃጠል እሱ ደስ ብሎት ይስቃል። እንዴት ነው ሰው የማይቀናው? መግፋቴን ያወቅኩት ከገፋሁት በኋላ ነው።»

ሰልሚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጠዋት የጮኸችበት ሰው ለእሷ ብሎ ነበር የተቆጣት፤ ይቅርታ የምትለው ደግሞ የለም። ፈቲሀም ለሙባሪክ ጽፋ ስላጠፋችው መልእክት አሰበችና አፈረች።

ሳጅን ናጃህ ካቴናውን ከሰልሚያ አጠገብ አንስቶ ለሄኖክ አጠለቀለት። ሄኖክ ሲወጣ ልጅቷ ጋ ደርሶ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ሥዕል ረጅም ጊዜ አየው።

«ሁለተኛውን አውቀሽ ነው ያበላሸሽው?»

«አዎ፣ ጋሽ ሄኖክ።»

«ማወቅ ነበረብኝ» አላት። «አንቺ እንዲህ አትሳሳቺም።»