ግራ አውራ ጣት

ጋሼ ክሬን ሞተው የተገኙት በሚወዱት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የሚጠሉትን ጆይስቲክ ጭናቸው ላይ አድርገው ነው። ቴሌቪዥኑ አልጠፋም ነበር። ስክሪኑ ላይ ፋኖስ የያዘ አንድ ትንሽ ሰውዬ የተዘጋ በር ፊት ቆሞ ትእዛዝ ይጠብቃል። አዛዡ ግን ፊታቸው በትራስ ታፍኖ ትንፋሻቸው ከተቋረጠ ሰዓታት አልፈዋል።

መርማሪዋ ይህን ሁሉ ያየችው በፎቶግራፍ ነው። መዝገቡ ጠረጴዛዋ ላይ የደረሰው በማግስቱ ጠዋት፣ «ያለቀ ጉዳይ ነው፣ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው» ተብሎ ነበር። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። እሷን ደግሞ «ያለቀ ጉዳይ» እንደሚሉት ቃል የሚያበሳጫት የለም። ፊርማዋን ትታ ቦርሳዋን አነሳችና ሳጅኑን አስከትላ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች።

ሰውዬው ሠላሳ ዓመት የክሬን ኦፕሬተር ነበሩ፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው ከዳቸው። ፊዚዮቴራፒስታቸው ጣቶቻቸው እንዲፍታቱ ጌም ይጫወቱ ብሎ አዘዘ፤ ልጃቸው ማሽኑን ገዛች፤ የወንድማቸው ልጅ ገጠመላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ ሰላም አልነበረም ይላሉ ጎረቤቶች።

«ሐኪሙ፣ ሰውዬው የሞቱት ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ብሏል» አለ ሳጅኑ። «ማሽኑ ደግሞ ጨዋታውን ከነሰዓቱ ይቀዳል። ከስምንት ከሃያ እስከ ዘጠኝ ከአሥር ሲጫወቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የነበረችው አስታማሚዋ ብቻ ናት። ልጃቸው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመጣ ሬሳ አገኘች። አለቀ።»

«ሌሎቹስ የት ነበሩ?»

«ልጃቸው ቀኑን ሙሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቋ ውስጥ ነበረች፤ ደንበኞቿ መስክረዋል። ፊዚዮቴራፒስቱ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሪፖርት ይዞላት ሄዶ እስከ አሥር አብሯት ቆይቷል። የወንድማቸው ልጅም ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ ስልክ መጠገኛው ውስጥ ነበር። ሁለቱም ቦታ ከዚህ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው።»

«ከዘጠኝ ከአሥር በፊትስ ሁለቱ ወንዶች የት ነበሩ?»

«እሱ ምን ያደርግልናል? ሰውዬው እኮ እየተጫወቱ ነበር!»

መርማሪዋ ጓንቷን አጥልቃ ጆይስቲኩን አነሳችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ሳጅኑ ሳቁን ዋጠ። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ከመሽተት በቀር ምንም አልነበረበትም።

ከዚያ ወደ ጣቢያ ተመልሳ የታሠረችውን አስታማሚ አስጠራች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጠንካራ እጅ ያላት ሴት ናት። ስትቀመጥ የካምፎር ቅባት ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ሰባት ተኩል ላይ ምሳቸውን አበላኋቸው» አለች። «ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ግራ እጃቸውን በቅባት አሸሁላቸው። ጥሎብኝ አብዝቼ ነው የምቀባው። ስምንት ሰዓት ላይ መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ተመለስኩ። መድኃኒት ቤቱን ይጠይቁልኝ።»

«ተጠይቀዋል፤ አይተውሻል። ስትመለሺ አየሻቸው?»

«የጌሙ ድምፅ ይሰማል። ሲጫወቱ መግባት ክልክል ነው፤ ሲሸነፉ እንዲታዩ አይፈልጉም። በሩ ላይ ቆሜ ‹ጋሼ፣ መጥቻለሁ› አልኩ፤ ዝም አሉኝ። ተናደው ነው ብዬ ተውኳቸው። ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ ተኝተዋል አልኩ። ምነው ያን ቀን ደፍሬ በገባሁ!»

«ከትናንት በስቲያ ጮኸውብሻል ይባላል።»

«እኔ ላይ ነው እንዴ የጮኹት? ጆይስቲኩ ላይ ነው! ‹ያን ሁሉ ብረት ሰማይ ላይ አንጠልጥዬ እንቁላል ሳልሰብር ሳስቀምጥ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ አንድ ጥንጥዬ ሰውዬ በበር ማስገባት ያቅተኝ?› ብለው ወረወሩት። አንስቼ ሰጠኋቸው።»

«ትናንት ጠዋትስ ‹ዛሬ ማታ ለልጄ የምነግራት አለኝ› ብለዋል?»

«ብለዋል። ምን እንደሆነ እኔ እንጃ። ሳጅኑ ‹አንቺን ሊያባርሩ ነበር› ይሉኛል።» ዕንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ስምንት ወር እንደ ሕፃን ያጠብኩትን ሰው ልገድል?»

ከሰዓት በኋላ ወደ ሟቹ ቤት ሲመለሱ ፊዚዮቴራፒስቱ ራሱ መጣላቸው። ንጹህ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ጆይስቲክ እንዴት እንደሚያዝ እንዲያሳያት ስትጠይቀው ደስ አለው።

«የግራው ዘንግ ትንሹን ሰውዬ ያስኬደዋል፤ የቀኙ ደግሞ ዓይኑን ያዞረዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማዘዝ ነው ጥበቡ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ግድግዳ ይገጫል፣ አይፈሩ። ስንቱን ጀማሪ አይቻለሁ መሰለዎት!»

«የሳቸው ግራ እጅ እንዴት ነበር?»

«ተአምር ነው! አውራ ጣታቸው ዘንጉን እንደ ልቡ ያዞረው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት በሐኪሞች ጉባኤ ላይ የማቀርበው ዘዴዬን በሳቸው እጅ ነበር። ከዚያ በኋላ የራሴን ማዕከል...» አንገቱን ደፋ። «እግዜር አልፈቀደም።»

እሱ ሲሄድ መርማሪዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ጌሙን ጀመረች። እንዲህ ያለ ንዴት በሕይወቷ ገጥሟት አያውቅም። ትንሹን ሰውዬ ወደ በሩ ስትልከው ወደ ግድግዳው ይሄዳል። በሩን እይ ስትለው ጣሪያውን ያያል። እንደ ምንም ብላ በሩ ጋ ስታደርሰው ስክሪኑ ላይ የሦስት ማዕዘን ምልክት ብቅ ይላል፤ ሦስት ማዕዘኑ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ለማየት አንገቷን ትደፋለች፤ አግኝታ ስትጫን በሩ ተዘግቷል። እንደገና። ድልድዩ ላይ ክብ ተጫኚ አላት፤ ክቡን ስትፈልግ ሰውዬው ውሃ ውስጥ ገባ። እንደገና። አሁንም ውሃ ውስጥ ገባ።

«ድንጋይ!» ብላ ጮኸችበት።

«ሰባት ጊዜ ሰጠመ» አለ ሳጅኑ፣ ቆጥሮ ኖሮ።

«ቁጠርልኝ አልኩህ? ይሄን የፈለሰፈው ሰው ሦስተኛ ዓይን ቢኖረው ነው! አንዱ ስክሪን ላይ፣ አንዱ እጅ ላይ...» ንግግሯን አቋረጠች። ጆይስቲኩን ቀስ ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «የሳቸውን ቅጂ እስኪ ክፈትልኝ።»

ቅጂውን ሦስት ጊዜ አየችው። ትንሹ ሰውዬ ግድግዳ ይገጫል፤ ተመልሶ ይገጫል፤ ድልድዩ ላይ ይንገዳገዳል። የጀማሪ ጨዋታ ነው። የቁልፉ ምልክት ብቅ ሲል ግን ዓይን ሳይከደን ይጫናል።

«ግድግዳ የሚገጭ እጅ ቁልፉን ሳይፈልግ ያገኛል? ለምን?» አለች። «በማላውቀው ሰፈር ጠፍቼ እየዞርኩ፣ በጨለማ የቤቴን ቁልፍ ቀዳዳ በአንዴ እንደማግኘት ነው። ይሄ ሰው አላወቀም አይደለም። አላዋቂ መስሏል።»

የሳጅኑ ፊት በራ። «የወንድማቸው ልጅ! ሠፈሩን በጌም ያስለቀሰ እኮ ነው!»

የወንድማቸው ልጅ ስልክ መጠገኛው ውስጥ ካቻቢቴውን እንደያዘ ተቀበላቸው። ዓይኑ ቀልቷል። ትናንት እስከ ዘጠኝ ተኩል የት እንደነበር ሲጠየቅ ቤቱ ተኝቶ እንደነበር ተናገረ። ማንም አላየውም።

«አጎትህ ሲጫወቱ አይተሃል?»

«እኔ ነኛ ያስተማርኳቸው! ሲያናድዱ! ‹አጎቴ፣ ዝም ብለው ቀስ ይበሉ› ስላቸው ጭራሽ ይብሳቸዋል። ማሽኑ አዲስ ሲቀዳ አሮጌውን ያጠፋዋል፤ እኔ ግን በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ እየገለበጥኩ አስቀምጥላቸው ነበር። አንድ ቀን ጎበዝ ሲሆኑ አሳይቻቸው ልንስቅ።» ከመሳቢያው ፍላሹን አውጥቶ ሰጣት።

መርማሪዋ ፍላሹን አይታ ስትጨርስ ሳጅኑን ጠራችው። «የፊቱንም የጓሮውንም በር ከሱቁ የሚያይ አንድ ጎረቤት አናጢ አለ። ሂድና ጠይቀው።»

«ጠይቀነዋል እኮ። ከዘጠኝ ከአሥር በኋላ በፊት ለፊት በር የገባ ሰው አላየሁም ብሏል።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅሙ! አሁን ሂድና ከዚያ በፊት ማን ገባ፣ ከዚያስ በጓሮ ማን ወጣ ብለህ ጠይቅ።»

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በዚያ ክፍል ተሰበሰቡ። ልጅቷ ጥቁር ለብሳ ከመስኮቱ ሥር፣ የወንድምየው ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ። አስታማሚዋን ፖሊስ ይዟት ሲገባ ልጅቷ ፊቷን አዞረች።

«መጀመሪያ አንቺ ተጫወቺ» አለች መርማሪዋ ጆይስቲኩን ለልጅቷ እየሰጠቻት። «ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

«በጭራሽ። ይሄ ምን ይሉት ነገር ነው?»

ተጫወተች። ምልክቱ ብቅ ባለ ቁጥር አንገቷ ወደ እጆቿ ይደፋል፤ ትንሹ ሰውዬ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ከዚያ ይሰጥማል። በሦስተኛው ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው።

«ይበቃል። ጀማሪ እንዲህ ነው፤ እኔም ትናንት ያንን ሁሉ ተሳድቤ የተማርኩት ይሄንን ነው። አሁን የመጨረሻውን ቅጂ እዩ።» ሳጅኑ ከፈተው። «ግድግዳ ይገጫል፤ ቁልፉን ግን አይፈልግም። የሚጫወተው ሰው ጆይስቲኩን በቃሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ጋሼ ክሬን አይደሉም። ገና ስምንት ከሃያ ላይ ሞተዋል። ገዳያቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ በሕይወት ያሉ ለማስመሰል፣ በሳቸው ስም ይጫወት ነበር። አስታማሚዋ በሩ ላይ ቆማ ‹መጥቻለሁ› ስትል ዝም ያላት እሱ ነው።»

አስታማሚዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ሁሉም ወደ ወንድምየው ልጅ ዞሩ። እሱ ነጣ።

«አትቸኩሉ። ዶክተር፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ይሄ ቅጂ ላይ ግራ እጁ እንዴት ነው?»

ፊዚዮቴራፒስቱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «እንዳልኩዎት ነው። እየሄደ ዓይኑን ያዞራል፤ ሁለቱንም ዘንግ በአንድ ጊዜ ይጠቀማል። ግራ አውራ ጣቱ በደንብ ይሠራል።»

«በሪፖርትዎም እንደዚሁ ነው የጻፉት። አሁን ደግሞ ይሄን ይዩልኝ።» ፍላሹ ተሰካ። በስክሪኑ ላይ ትንሹ ሰውዬ ሄደ፤ ቆመ፤ ከዚያ ዓይኑን አዞረ፤ ከዚያ ሄደ። «ይሄ የስድስት ወር ጨዋታ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ እየሄደ አያይም፤ እያየም አይሄድም። ለምን?»

«በአንድ እጅ ስለሚጫወቱ ነዋ» አለ የወንድምየው ልጅ። «ጆይስቲኩን ትራስ ላይ ያስቀምጡና ቀኝ እጃቸውን ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ያሻግሩታል። ግራቸው ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ‹ለልጄ እንዳትነግር› ብለውኛል።»

«ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም ያንኑ ብሏል። ግራ እጃቸው ከስትሮኩ ወዲህ ሠርቶ አያውቅም። ያን ዕለት በካምፎር ተለውሶ ነበር፤ ጆይስቲኩ ላይ ግን የካምፎር ሽታ አልነበረም። እንግዲህ ይሄ ልጅ አጎቱን ሊያስመስል ቢፈልግ በአንድ እጅ ነበር የሚጫወተው፤ ሌላ አጨዋወት አይቶባቸው አያውቅም። በሁለት እጅ የሚጫወተው፣ ያ ግራ እጅ እንዲሠራለት የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ዶክተር፣ እርስዎ ወንበሩ ላይ ያሉትን ሰው አልተጫወቱም። ሪፖርትዎ ውስጥ ያሉትን ሰው ነው የተጫወቱት።»



«ያን ማታ ለልጃቸው ሊነግሯት የነበረው ይሄንን ነው። አናጢው ደግሞ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲገቡ፣ ዘጠኝ ከአሥር ገደማ በጓሮ ሲወጡ አይቶዎታል። የሕክምና ቀንዎ ነው ብሎ ዝም አለ፤ የጠየቀውም አልነበረም።»

ፊዚዮቴራፒስቱ ቦርሳውን ከፍቶ ዘጋው። «ለመንኳቸው» አለ በስተመጨረሻ። «አንድ ሳምንት ብቻ ዝም ይበሉልኝ አልኳቸው። አንድ ሳምንት! ‹ለልጄ ስምንት ወር ዋሸሁ፣ አንድ ቀን አልጨምርም› አሉኝ።»

ሳጅኑ ይዞት ወጣ። መርማሪዋ የአስታማሚዋን እጅ ራሷ ፈታች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄ ነው ብላ አሰበች።

ልጅቷ ወንበሩ አጠገብ ቆማ የግራውን መደገፊያ ትዳስስ ነበር።

«በየማታው ይሄን እጁን እይዝለት ነበር» አለች። «‹ይሰማሃል አባዬ?› ስለው ‹ይሰማኛል› ይለኝ ነበር። ሁሉም ውሸት ነበር፣ እትዬ? ምንም አይሰማውም ነበር?»

አስታማሚዋ ቀስ ብላ ተጠጋቻት። ሁለት ቀን የታሠረ እጇ ያበጠ ነው።

«አይሰማቸውም ነበር፣ ልጄ» አለች። «ግን አንቺ ስትይዢው ያዩ ነበር። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ‹አልመጣችም?› እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡኝ ነበር።»