በሙሉ ድምፅ የጸደቀው መጠን

አቶ ሸዋንግዛው አዋሳ ሆስፒታል የገቡት ለመሞት አልነበረም፤ ስኳራቸው ተስተካክሎ በማግስቱ ሊወጡ ነበር። ረፋድ ላይ ግን ቁርስ ሳይቀምሱ ላብ አጠመቃቸውና እንደተኙ ቀሩ። ሐኪሙ «ኢንሱሊን በዝቶባቸው ነው» አለ። ተረኛዋ ሲስተር ብርቅዬ ወዲያው ተያዙ፤ በዚያ በደርግ ዘመን መጀመሪያ ይታሰራል፣ ከዚያ ይጣራል።

መርማሪው መቶ አለቃ ግዛቸው ከሬሳው አጠገብ ያገኘውን የኢንሱሊን ብልቃጥ ኪሱ ከተተና ጠዋት በክፍሉ የነበሩትን ሦስት ተማሪ ነርሶች ጠራ።

«መርፌውን ማን ወጋ?»

«በጋራ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ የጥናት ክበባቸው ሊቀመንበር ሙሉጌታ።

«ሦስታችሁም አንድ መርፌ ይዛችሁ?»

«ስሌቱን ማለቴ ነው። የታዘዘው አርባ ዩኒት ነው። ተወያየንና አንድ ሲሲ ብለን አጸደቅን።»

«ሒሳብ በድምፅ ብልጫ?»

«በሙሉ ድምፅ!» ሲል አረመው።

«የወጋችው ግን ታቢታ ናት» አለች ጸሐይወርቅ ፈጠን ብላ።

ታቢታ አንገቷን ደፋች።

ግዛቸው ወረቀት አደላቸው። «ጠዋት ከተጠቀማችሁበት ብልቃጥ አርባ ዩኒት ስንት ሲሲ ነው? ውይይት የለም።»

ታቢታ እርሳሱን ይዛ ቆየች። አንድ ብላ ብትጽፍ ከሁለቱ ጋር ትመሳሰላለች፤ በወሩም ትመረቃለች። ሲስተር ብርቅዬ ግን በእሷ ፋንታ ወህኒ ይወርዳሉ። «ግማሽ» ብላ ጻፈች።

ግዛቸው ሲስተር ብርቅዬን ከነጠባቂያቸው አስጠራና ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የለመዳችሁት ኢንሱሊን በአንድ ሲሲ አርባ ዩኒት ነበር። ይህ በእርዳታ የመጣው ሰማንያ ነው። ሁለታችሁ አሁንም አንድ ሲሲ ብላችኋል፤ የብልቃጡን ጽሑፍ አላነበባችሁትም ማለት ነው። ብልቃጡ ደግሞ ካነሣሁት ወዲህ ከኪሴ አልወጣም። ታዲያ ግማሽ ያለችው መቼ አነበበችው?»

«ከመውጋቴ በፊት» አለች ታቢታ።

«እያወቅሽ?»

«ሁለቱም እጃቸውን አወጡ። ባለፈው ወር የተቃወመችው ልጅ ግለ ሂስ አድርጊ ተብላ በሰው ፊት ስታለቅስ አይቻለሁ። ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። አልተሳሳትኩም ነበር።»

«ልዩነቷን በጊዜው ማቅረብ ነበረባት» አለ ሙሉጌታ።

ጠባቂው ሲስተር ብርቅዬን ለቀቀ። እሳቸው ግን ታቢታ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ከአልጋው መጋረጃ ወዲያ ነበርኩ። ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?»

«እስከ እርስዎ አምስት እርምጃ ነበር፣ ሲስተር» አለች ታቢታ። «ቆጥሬዋለሁ።»